የዳንቴል ጥበብ፦ አንድ ሙያ፣ ልዩ ልዩ መሣሪያ

በአገራችን ዳንቴል ሲባል በአብዛኛው ወደ አእምሮ የሚመጣው በኪሮሽ የሚሠራው የጠረጴዛ ልብስ ነው። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን መነሻው «ጥርስ» ማለት ነው፤ ጥርስ መሰሉን የጨርቅ ጠርዝ ያመለክታል። በአውሮፓ ግን በዚሁ ስም የሚጠራ ሌላ ጥንታዊ ሙያ አለ። በዚህ ሙያ ክሩ የሚጠነጠነው በትንንሽ እንጨቶች ላይ ሲሆን፣ ዳንቴሉ የሚሠራው እንጨቶቹን በእጅ በማቀያየር ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሠራሩ እንዴት ነው?

ባለሙያዋ በገለባ የተጠቀጠቀ ጠንካራ ትራስ ታዘጋጅና ንድፉ የተበሳበትን ወረቀት ትሰካበታለች። የአንዱ ክር ሁለት ጫፎች በሁለት ማጠንጠኛ እንጨቶች ላይ ስለሚጠነጠኑ እንጨቶቹ ሁልጊዜ ጥንድ ናቸው። በአንድ ጊዜ ሁለት ጥንድ ትይዛለች። መሠረታዊው እንቅስቃሴ ሁለት ብቻ ነው፤ ማሻገርና መጠምዘዝ። ቅርጹ እንዳይፈታም በቀዳዳዎቹ ላይ እስፒል ትሰካለች። በሸማ ሥራ ድሩ ድር፣ ማጉም ማግ ሆኖ ይዘልቃል። በዚህ ሙያ ግን አሁን ድር የነበረው ክር ጥቂት ቆይቶ ማግ ይሆናል።

የዚህ ሙያ የንድፍ መጻሕፍት በ1557 በቬኒስ፣ በ1561 ደግሞ በዙሪክ ታትመዋል። ሙያው ወደ ልዩ ልዩ አገሮች በተዛመተ ጊዜ እንቅስቃሴው ባይለወጥም መሣሪያው ተለያየ። ምክንያቱም መሣሪያው የአሠራሩን ባሕርይ ይከተላል።

የአካባቢዎቹ ልዩነት

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በምትገኘው ሆኒተን አበባና ቅጠል ለየብቻ ተሠርተው ኋላ ይጋጠማሉ። በሚጋጠሙበት ጊዜ እንጨቱ በጠባብ የክር ቀለበት ውስጥ ማለፍ ስላለበት ቀጭን፣ ለስላሳና ጫፈ ሹል ነው። ዶቃ ቢንጠለጠልበት ክሩን በያዘው ነበር።

በዚያው አገር በቤድፎርድሺርና በአጎራባቾቿ ግን ነገሩ የተለየ ነው። በእነዚህ አካባቢዎች የዳንቴሉ ወርድ በሙሉ በአንድነት እየተሠራ ይረዝማል። ስለዚህ በእንጨቱ ጫፍ የመስታወት ዶቃ ይታሰራል፤ ክብደቱ ክሩን ይወጥራል፣ እንጨቱም እንዳይንከባለል ይከላከላል። ከአጥንት የተሠሩ ማጠንጠኛዎችም አሉ። በብዙዎቹ ላይ ስም፣ ዓመተ ምሕረትና የፍቅር ቃል ተቀርጾ ይገኛል።

በቤልጅግ ፍላንደርዝ የማጠንጠኛው የታችኛው ጫፍ ራሱ እንደ ሽንኩርት ያበጠ በመሆኑ ዶቃ አያሻውም። አካባቢው የታወቀው በረቂቅ ሥራ ሲሆን፣ ሰፊው ዳንቴል ብዙ መቶ እንጨቶችን ይጠይቅ ነበር። ክሩ የተልባ ነው። ገበሬዎቻችን ለፍሬው የሚዘሩት ተልባ በዚያ ለአገዳው ቃጫ ሲባል ይለማ ነበር። ደረቅ አየር ቀጭኑን ክር ስለሚበጥስም ፈትሉ የሚካሄደው እርጥበት ባለው ክፍል ውስጥ ነበር።

በሩሲያዋ ቮሎግዳና በስሎቬኒያዋ ኢድሪያ ደግሞ ትራሱ ድብልብልና ረጅም ነው። እንጨቶቹ ወደ ታች ስለሚንጠለጠሉ በራሳቸው ክብደት ክሩን ይወጥሩታል። እንደ ጥብጣብ ያለ ጠባብ መስመር እየተጠማዘዘ ቅርጽ ስለሚያወጣም ለሥራው ጥቂት ጥንድ ይበቃል።

የመኪናው መምጣትና የሙያው ዕጣ

ዳንቴል ለባለጸጎች ጌጥ፣ ለሠሪዎቹ ሴቶች ግን እንጀራ ነበር። በ1808 እና በ1809 እንግሊዛዊው ጆን ሂዝኮት መረብ የሚሠራ መኪና ፈለሰመ። በሆኒተን መረቡን በእጃቸው ይሠሩ የነበሩ ሴቶች ገበያቸውን አጡ፤ በእጅ የተሠራው አበባም በመኪና መረብ ላይ ይሰፋ ጀመር። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 ለሠርጓ ልብስ የሆኒተን ዳንቴል ማሠራቷ ለጊዜው ዕፎይታ ቢሰጥም፣ መኪናው ንድፍ ያለውን ዳንቴል ጭምር መሥራት ሲችል ሙያው በብዙ ቦታ ተዳከመ።

ኢድሪያ ግን ሌላ መንገድ ተከተለች። ከተማዋ የሜርኩሪ ማዕድን የሚወጣባት ነበረች። የማዕድን ሠራተኞቹ ደመወዝ አነስተኛ ስለነበር ሚስቶቻቸው በዳንቴል ሥራ ቤታቸውን ይደጉሙ ነበር። በ1876 የተከፈተው የዳንቴል ትምህርት ቤት ዛሬም ሕፃናትን ያስተምራል። ማዕድን ማውጣቱ ሲቆም የሚስቶቹ ሙያ ግን ቀጥሏል። የስሎቬኒያ የማጠንጠኛ ዳንቴል በ2018 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል።

የሁለቱ ከተሞች ታሪክ ሲነጻጸር አንድ ነገር ይታያል። የንግሥት ትእዛዝ ለሙያው ፋታ ሰጠው እንጂ ከመዳከም አላዳነውም፤ ከትውልድ ትውልድ እንዲሸጋገር ያደረገው ለልጆች ሳይቋረጥ መሰጠቱ ነው። ማጠንጠኛው በሙዚየም ሊቀመጥ ይችላል፤ አያያዙን ግን የሚያስተምር ሰው ይሻል።