አልፈታ ያለ የቸርኬ ሽቦ

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ ትራያምፍ ወይም ቢኤስኤ ሞተር ሳይክል አድሶ ለመንዳት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ሞተሩ ነው። ሥራውን ቀጥ የሚያደርግበት ግን ጎማው ነው። በእንግሊዝ አገር በረዶ ለማቅለጥ በክረምት መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። ያ ጨዋማ ውሃ ለዓመታት ሽቦዎቹ ከቸርኬው ጋር በሚገናኙበት ቦታ ሲተኛ ከርሞ ሽቦና ዳዶን አንድ ብረት ያደርጋቸዋል።

በእነዚህ ሞተር ሳይክሎች ጎማ ላይ ያለው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ 40 ነው፤ በጃፓኖቹ ላይ ብዙውን ጊዜ 36 ነው። ሽቦው በአንድ ጫፉ ቆልመም ብሎ መሃል ላይ ያለውን ሞዞ ይይዛል፤ በሌላው ጫፉ ጥርስ ወጥቶለት ከቸርኬው ቀዳዳ ብቅ ካለች ትንሽ ዳዶ ጋር ይገጥማል። ጎማው የሚቆመው ሽቦዎቹ ሁሉ ስለተወጠሩ ነው። ሽቦዎቹ እየተሻገሩ ሞዞውን በጎን የሚይዙበትን አሠራር እንግሊዛዊው ጄምስ ስታርሊ በ1874 እ.ኤ.አ. ለብስክሌት አስመዝግቦታል። ሰንሰለት ሲስብና ፍሬን ሲይዝ የሚመጣውን የመጠምዘዝ ኃይል የሚችለው ይህ አሠራር ነው።

ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። በጥርሶቹ መካከል ያለችውን ቀጭን ክፍተት ሲሞላ ዳዶው አልዞር ይላል። ቸርኬው አልሙኒየም ከሆነ ደግሞ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ዳዶውን ከነቀዳዳው ያንቀዋል። ስለዚህ ከመታገል በፊት የተያዘው የት እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል፦ ዳዶው ሲዞር ሽቦውም አብሮ ከተጠመዘዘ ችግሩ ጥርሱ ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚወሰን ነገር አለ፤ የሚድነው ምንድን ነው? ሽቦና ዳዶ ተገዝተው ይተካሉ። ከሞተር ሳይክሉ ጋር የመጣ ሞዞና ቸርኬ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ይህን ያልወሰነ መካኒክ አንዲት ርካሽ ሽቦ ለማትረፍ ሲል ቸርኬውን ያጣምማል።

አንዲት ሽቦ ሳትነካ የሽቦዎቹን አደራደር በፎቶ ማስቀረት፣ ሞዞው ላይ ቀጥ ያለ ብረት አጋድሞ ቸርኬው ወደ ጎን ስንት ሚሊሜትር እንደሚወጣ መለካት ግድ ነው። ከዚያ የውጩ ጎማ፣ ካላማዳሪውና ከሥሩ ያለው ላስቲክ ይወጣሉ። ዘልቆ የሚገባ ዘይት ከሁለቱም በኩል ይንጠባጠባል፤ ሽቦው ዳዶው ውስጥ በሚገባበትና በቸርኬው ውስጠኛ ወገን። ከዚያ ማሳደር ነው፤ ካስፈለገም ቀናት መጠበቅ። እዚህ ላይ ትዕግሥት ከጉልበት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

አቅጣጫው ብዙ ሰው ያሳስታል። ከጎማው ወገን ሆኖ በካቻቢቴ ለሚፈታ ዳዶው ወደ ግራ ይዞራል፤ ከሞዞው ወገን ሆኖ በሽቦ ቁልፍ ለሚፈታ ግን ወደ ቀኝ የሚዞር ይመስለዋል። አልፈታ ያለውን ዳዶ መጀመሪያ ጥቂት አጥብቆ ከዚያ መልሶ ማላላት ዝገቱን ይሰብረዋል። ፒንሳ ግን የዳዶውን ጠርዝ ስለሚበላው ልኩ የሆነ ቁልፍ ብቻ ነው የሚያዋጣው።

ዘይት ካቃተው ሙቀት አለ። ናስ ሲሞቅ የብረትን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይሰፋል፤ ስለዚህ በትንሽ ነበልባል የሞቀ የናስ ዳዶ ሽቦውን ይለቃል። ከዚያ በፊት የተቀባውን ዘይት መጥረግ ነው፤ እሳት ይይዛል። አልሙኒየም ቸርኬ ላይ ከባድ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ አልሙኒየም ቀይ ሳይሆን ይቀልጣል፣ ከመቅለጡ ብዙ ቀደም ብሎም ጥንካሬውን ያጣል። ክሮም ደግሞ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል።

ሽቦው መጠምዘዝ ከጀመረ መቁረጥ ይሻላል። የሚላሉት መጀመሪያ በየተራ ግማሽ ግማሽ ዙር ይላላሉ፤ የቀሩት ፊት ለፊት እየተቃረኑ፣ ቸርኬው ወደ አንድ ወገን እንዳይሳብ፣ በመቁረጫ ይቆረጣሉ። የተወጠረ ሽቦ ሲቆረጥ ዳዶው ወደ ውጭ ሊፈናጠር ስለሚችል የዓይን መከላከያ ማድረግና ከፊቱ ዞር ብሎ መቆም ያስፈልጋል። የግራና የቀኙ፣ የውስጥና የውጩ ሽቦ በርዝመትም በቁልምሙም ሊለያይ ስለሚችል፣ ከየዓይነቱ አንዳንድ ሳይቆረጥ ቢወጣ ለአዲሱ ልክ ይሆናል።

አዲሱ ሲገጠም ጥርሱ ላይ የመዳብ ግራሶ ይቀባል፤ ጎማው ከተነዳ ከጥቂት ቀናት በኋላም ሽቦዎቹ እንደገና ይፈተሻሉ፣ የላሉት ይጠብቃሉ።