ሎንዶን የተወሰነብን ካሳ አዲስ አበባ ላይ ይፈጸማል?

ዛሬ ስለ ዋጋ ሳይሆን ዋጋ ሲዘል ስለሚከተለው ጣጣ ነው የምጽፈው። ምክንያቱም በኢንቦክስ አንድ ጥያቄ ተደጋግሞብኛል፦ «በርካሽ የፈረምኩትን ኮንትራት ባልጭን ምን ይመጣብኛል?»

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔው ራሴ ያገናኘሁት ውል ነበር። ላኪው ለአንድ የአውሮፓ ገዢ ሁለት ኮንቴይነር ያልታጠበ ቡና ሸጡ። ቡናው እጃቸው ላይ አልነበረም፤ ከአቅራቢ ገዝተው ሊሞሉ ነው ያሰቡት። የአገር ውስጥ ዋጋ ሲወጣ ሳይጭኑ ቀሩ። ገዢው ጉዳዩን ሎንዶን ለግልግል ዳኝነት አቀረበ፤ መጥሪያው በኢሜይል መጣ። «ጋሼ፣ መልስ ይስጡ እንጂ» ስላቸው «ተወው ልጄ፣ ሎንዶን እዚህ ድረስ መጥቶ አይዘኝም» አሉኝ። እውነት ለመናገር እኔም አምኛቸው ነበር። ውሳኔው እሳቸው በሌሉበት ተሰጠ። ወራት ቆይቶ አዲስ አበባ ያለ ጠበቃ ደወለላቸው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ተደራድረው ከፈሉ፤ የከፈሉት ግን መጀመሪያ ቡናውን በኪሳራ ቢጭኑ ከሚያጡት በላይ ነበር። የእኔ ኮሚሽን የት እንደገባ አትጠይቁኝ።

የጋሼ አባባል ድሮ ብዙም ስህተት አልነበረም። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የውጭ አገር የግልግል ውሳኔ እዚህ እንዲፈጸም ያ አገርም የእኛን እንደሚፈጽም መታየት ነበረበት፤ ብዙ ገዢ እዚያው ላይ ተስፋ ይቆርጥ ነበር። አሁን ነገሩ ተቀይሯል። ኢትዮጵያ የኒው ዮርክ ስምምነት የሚባለውን፣ የውጭ አገር የግልግል ውሳኔዎችን ስለማስፈጸም የወጣውን የ1958 እ.ኤ.አ. ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 ተቀብላለች። ኅዳር 2013 ላይ በእኛ ላይ መጽናት ጀመረ። ወዲያው በዚያው ዓመት የግልግል ዳኝነት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ወጣ። ኢትዮጵያ ስምምነቱን ስትቀበል ንግድ ነክ ለሆኑ ጉዳዮች፣ ያውም ከተቀበለችበት ቀን በኋላ ለተፈረሙ የግልግል ስምምነቶችና ለተሰጡ ውሳኔዎች ብቻ ብላ ገደብ አድርጋለች። የድሮ ፋይል ያላችሁ በዚህ ልትድኑ ትችላላችሁ፤ ዘንድሮ የምትፈርሙት ግን ሙሉ በሙሉ ውስጥ ነው።

ማመልከቻው ሲቀርብ የእኛ ፍርድ ቤት «ዳኞቹ በትክክል ፈርደዋል ወይ?» ብሎ ፍሬ ነገሩን እንደገና አይመረምርም። እምቢ የሚልባቸው ምክንያቶች የተቆጠሩ ናቸው፦ የግልግል ስምምነቱ የማይጸና ከሆነ፣ መጥሪያ በአግባቡ ካልደረሳችሁ ወይም ለመከራከር ዕድል ካጣችሁ፣ ዳኞቹ ካልተሰጣቸው ጉዳይ ውስጥ ከገቡ፣ ውሳኔው እዚያው በተሰጠበት አገር ከተሻረ፣ የአገርን የሕዝብ ጥቅም መሠረት የሚነካ ከሆነ፣ እንዲህ እንዲህ ያሉ። ኢሜይሉ ደርሷችሁ ዝም ብትሉ ግን «ዕድል አላገኘሁም» የሚያሰኝ አይደለም። የቡና ግልግል ደግሞ አብዛኛው በሰነድ ብቻ የሚያልቅ ነው። እናንተ ዝም ስትሉ ዳኞቹ ፊት ያለው የገዢው ወረቀት ብቻ ነው የሚሆነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ኮንቴይነር 320 ጆንያ ባለ 60 ኪሎ ነው፤ 19,200 ኪሎ፣ ወደ 42,300 ፓውንድ ይሆናል። በ2.50 ዶላር ሸጣችሁ፣ መጫን በነበረባችሁ ጊዜ ገበያው 3.60 ቢሆን ልዩነቱ ብቻ ወደ 46,500 ዶላር ይመጣል። ወለድና የግልግል ወጪ ገና አልተደመረም። ኒው ዮርክ የካቲት 2017 ላይ ፓውንዱን ከ4 ዶላር በላይ ሲያወጣው ያየ ሰው ይህ ምሳሌ የተጋነነ አይመስለውም።

«ዋጋ ጨመረ፣ ከአቅሜ በላይ ነው» የሚለው ክርክር በእኛው ሕግም አያስኬድም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1793 ከአቅም በላይ ኃይል የሚላቸውን ሲዘረዝር የመንግሥት ክልከላን፣ ጦርነትን፣ የተፈጥሮ አደጋን ይጠቅሳል። ቀጥሎ ያለው 1794 ደግሞ ለውሉ የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ዋጋ መውጣት ወይም መውረድ፣ በውሉ ላይ በግልጽ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ ከአቅም በላይ እንዳልሆነ በስም ጠቅሶ ይናገራል። እህል የምትሠሩ ወንድሞች ልብ በሉ፦ መንግሥት ኤክስፖርት ቢከለክል መከላከያ ሊሆናችሁ ይችላል፤ ክልከላው እያለ ከፈረማችሁ ግን አስቀድማችሁ የምታውቁት ነገር ነው፣ አይሠራም። ያም ሆኖ ብዙው የቡና ኮንትራት የሚገዛው በውጭ ሕግ ነው፤ እዚያ ደግሞ ለዋጋ ንረት ከዚህ የተሻለ ይቅርታ አትጠብቁ።

ሌላው የምሰማው «ድርጅቴ ኃላፊነቱ የተወሰነ ነው፣ እኔን አይነካኝም» የሚለው ነው። አዎ፣ አዲሱ የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) አንድ ሰው ብቻውን እንኳ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ግን የማህበሩን ገንዘብና የቤቱን ገንዘብ የሚያቀላቅል ሰው ያንን ከለላ ለማጣት ራሱን ያጋልጣል። የኤክስፖርት ገንዘብ ወደ ሚስት ሒሳብ፣ ከዚያ ወደ ሕንፃ፤ ስንቱን አይቻለሁ መሰላችሁ። ከለላው ቢሠራ እንኳ የድርጅቱ የባንክ ሒሳብ ከታገደ በዚያ ዓመት በምን ትገዛላችሁ?

ይህ ሕግ እኛን ብቻ የሚመታ አይምሰላችሁ። ዋጋ ሲወርድ «ካፑ ከናሙናው ተለየ» ብሎ ሰነድ የሚመልስ ገዢም አለ። ያኔ ዩኒየኑ ግልግል ሄዶ ካሸነፈ ውሳኔውን ይዞ ጀርመንም አሜሪካም ማስፈጸም ይችላል፣ ሁለቱም የስምምነቱ አባል ናቸውና። ችግሩ ዩኒየኖቻችን የማጓጓዣ ሰነድ፣ የናሙና ማጽደቂያና ኢሜይል በአንድ ፋይል አያስቀምጡም። የኮንትራቱ ኢሜይል የተከፈተው ሥራ በለቀቀ ልጅ ስም የሆነበት ዩኒየን ራሴ አውቃለሁ።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ከዋጋና ከመጫኛ ወር በታች ያለችውን የግልግል መስመር አንብቡ፤ ሎንዶን፣ ሃምቡርግ ወይስ ኒው ዮርክ? መጫን እንደማትችሉ ካወቃችሁ ቀኑ ሳያልፍ ለገዢው ጻፉለት። ብዙዎቹ መጫኛውን ለማራዘም ወይም ልዩነቱን ከፍሎ ለመዝጋት ይደራደራሉ፤ መጥሪያ ከመጣ በኋላ ግን ዋጋው ሌላ ነው። መጥሪያ የደረሳችሁ ካላችሁ ነገ ሳትሉ ጠበቃ ያዙ።

የኮንትራታችሁ የግልግል አንቀጽ ግራ ከገባችሁ ስምና ዋጋ ሸፍናችሁ በኢንቦክስ ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን። የኒው ዮርክ መዝጊያና የአዲስ አበባ የእህል ዋጋ እንደተለመደው ማታ ይለጠፋል።