ቮልስ፣ ጨውና ብየዳ፤ ከስቱኮው ስር ያለው ዝገት

ዛሬ ስለ ምርጫም ስለ ድርድርም አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ቮልስ ነው። ለነገሩ ቮልስም ከፖለቲካችን ያን ያህል የራቀች አይደለችም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ተሽረው ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በቮልስዋገን ተጭነው መሆኑን የማያውቅ የለም። የአስተማሪው፣ የቄሱ፣ የባንክ ሠራተኛው መኪናም እሷው ነበረች። ታዲያ በስደት ያለ ሰው እድሜው ገፋ ሲል ቮልስ ቢያምረው ምን ይገርማል?

በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንድ ወዳጄ አምሮቱ ጸንቶበት አንዲት የ1960ዎቹ ቮልስ ገዛ። ቀለሟ ያብረቀርቃል። ቤት አስገብቶ ምንጣፉን ገልጦ ወለሉን በካቻቢቴ ወጋ ሲያደርገው ካቻቢቴው አልፎ ሲሚንቶውን ነካ። ሻጩ ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኖ፣ ከስር ጥቁር ሬንጅ ለቅልቆበት ኖሯል። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ ወለሉ ላይ ቢያስጠጋ ኖሮ ነገሩ ገና ሳይከፍል ይገለጥለት ነበር፤ ማግኔት ስቱኮ አይዝም።

አዲስ አበባ ውስጥ ግማሽ ምዕተ ዓመት የሮጠች ቮልስ ወለሏ ደህና ሆኖ ሲገኝ እዚህ ያለችው ለምን ትበሳለች? መልሱ ጨው ነው። አያቶቻችን አሞሌ ብለው እንደ ገንዘብ የተገበያዩበትን ጨው እዚህ አገር በረዶ ለማቅለጥ በከባድ መኪና እየጫኑ አስፋልት ላይ ይደፉታል። ከውሃ ጋር ተደባልቆ በየስንጥቁ ይገባል፤ በጋ ሲሆንም እዚያው ነው።

ቮልስ እንደ ጭነት መኪና መሰላል የመሰለ ሻንሲ የላትም። መሐሏን ከፊት ወደ ኋላ የሚያቋርጥ ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት አለ፤ ዋሻ እንበለው። ግራና ቀኙ ላይ የላሜራ ወለል ተበይዷል፤ ቦዲው ከላይ በቡሎን ይታሰራል። ባትሪው ከኋላ ወንበር ስር በቀኝ በኩል ስለተቀመጠ ከሱ የሚያመልጠው አሲድ ወለሉን ይበላዋል። ከሁሉ የሚከፉት ግን በሮቹ ስር የተዘረጉት የሙቀት ቦዮች ናቸው። ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ አየር የሚያልፍባቸው ስለሆኑ ሰው የአየር ቱቦ ብቻ ይመስሉታል። እንዲያውም የቦዲው ጥንካሬ አብዛኛው በእነሱ ላይ ነው። እነሱ ከተቆረጡ ቦዲው ይሰምጣል፤ በኋላ በሩ አልገጥም ይላል። ስለዚህ ግራይንደር ከመነሳቱ በፊት የበሮቹ ክፍተት ተለክቶ ይጻፋል፣ በር መግቢያው ላይ ብረት በአግድምና በሰያፍ ተበይዶ ይደገፋል፣ አንዱ ጎን ሳያልቅ ሌላው አይነካም።

አርትዖት ለሠራ ሰው የሚቀጥለው ሕግ እንግዳ አይደለም። የተበላሸ አንቀጽ ዙሪያውን በማሳመር አይድንም፤ ተቆርጦ ይወጣል። ዝገትም እንደዚሁ ነው፤ ነጭ ብረት እስኪገኝ ድረስ መቁረጥ ያስፈልጋል። በዛገ ላሜራ ላይ የተበየደ ላሜራ ብዙ ሳይቆይ ከነብየዳው ይወድቃል።

አገር ቤት የለመድነው የኤሌክትሮድ ብየዳ ለወፍራም ብረት ነው። የቮልስ ወለል ግን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለጀማሪ ይበሳበታል። ለቤት የሚስማማው ሽቦው ራሱ እየወጣ አርጎንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያለብሰው ሚግ የሚባለው ማሽን ሲሆን፣ ሽቦውም 0.6 ሚሊ ሜትር ይሁን። አንድ ነጥብ መትቶ ራቅ ብሎ ሌላ መምታት፣ እስኪበርድ መታገስ፣ ከዚያ መሐሉን መሙላት ነው። በአንድ ትንፋሽ እስከ ጫፍ የሚሄድ ሰው ላሜራውን እንደ ቂጣ ያጣምመዋል።

አሁን ወደሚያስፈራው ልምጣ። የቮልስ የቤንዚን ታንከር ፊት ለፊት፣ ኮፈኑ ስር ነው። መውጣት አለበት። ‹‹ባዶ ነው›› ማለት አያድንም፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነውና ባዶው እንዲያውም ይብሳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ የቤንዚኑ ቧንቧ በዋሻው ውስጥ ማለፉን ነው፤ ወለሉ የሚበየደው በዋሻው ጠርዝ ላይ ነው! ባትሪው፣ ወንበሩ፣ ምንጣፉና ከስሩ ያለው ሬንጅ ሁሉ ይውጣ። ሥራው ካለቀ በኋላም እሳት ማጥፊያ ይዞ አንድ ሰዓት ያህል መጠበቅ ነው። ፍንጣሪ ጥግ ውስጥ ተደብቆ ሰው ራት ሲበላ ነው የሚነሳው። ጋራዡ ከልጆች መኝታ ስር ከሆነ በኔ አስተያየት እዚያ ባይበየድ ይሻላል፤ ተከራይ የሆነ ደግሞ ውሉን ያንብብ።

በቤት ክዳን ቆርቆሮ መጣፍም ይቅር። የተለበጠበት ዚንክ ሲቃጠል ጭሱ ሌሊት ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያመጣል። በያጆቻችን ወተት ይጠጡበታል፤ ወተት ግን ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ አይሄድም። ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ ያጠቡትን ብረት መበየድ ደግሞ ፎስጂን ያስነሳል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የተፈጀበት ጋዝ ነው። ጭንብል ሳያደርጉ ብልጭታውን ያዩ እንደሆነ ዓይን ወዲያው ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ አሸዋ የተሞላ ያህል ይቆረቁራል።

የፊት አክስል የሚታሰርበት የሻንሲው ራስ ከዛገ ግን በቤት አይሞከር፤ ለባለሙያ ይሰጥ። መሪውን የሚሸከመው እሱ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ25 ዓመት በላይ የሆናት መኪና የጥንታዊ መኪና ታርጋ ካወጣች ከዓመታዊው ምርመራ ነፃ ናት። እንግሊዝም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 40 ዓመት ያለፋትንና መሠረታዊ ለውጥ ያልተደረገባትን ነፃ አድርጋለች። መብቱ ያስደስታል። ነገር ግን ብየዳውን ገልብጦ የሚያይ መርማሪ የለም ማለት ነው፤ በአውራ ጎዳና ላይ ልጆች ጭኖ የሚሄደው ባለቤቱ ደግሞ በሕግም ተጠያቂ ነው።

ሲያልቅ በውጭ በኩል ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል፤ በቦዮቹ ውስጥ ደግሞ በረጅም ቱቦ ሰም ይረጫል፤ ብየዳው የውስጡን ቀለም አቃጥሎታልና። አንድ ነገር ልጨምር፦ የሻንሲ ቁጥሩ የተመታው ከኋላ ወንበር ስር፣ ዋሻው ላይ ነው። ግራይንደር ሳትይዙ በፊት በወፍራም ቴፕ ሸፍኑት። ቁጥሯ የተፋቀ መኪና የተሰረቀች ትባላለች፤ ፖሊስ ፊት ቆሞ ‹‹እኔ የፋቅሁት ዝገቱን ነው›› ማለት ደግሞ እንኳን በሰው አገር፣ በአገርም አያዋጣም።