በማየት መማር፦ ማኅበራዊ የግንዛቤ ንድፈ ሐሳብ በነገረ መለኮት ክፍል ውስጥ

የስብከት ዝግጅት የሚያስተምር መምህር ይህን ሳያስተውል አይቀርም። ተማሪው የምንባብ አፈታት ደረጃዎችን በፈተና ወረቀት ላይ አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ መድረክ ላይ ሲቆም ግን ድምፁ፣ የእጁ እንቅስቃሴ፣ “አሜን በሉ” የሚልበት ቦታ ሳይቀር የአንድ ታዋቂ ሰባኪ ይሆናል። ያንን ሰባኪ እንዲመስል ማንም አላስተማረውም፤ የምንባብ አፈታትን ግን ሴሚስተሩን ሙሉ ተምሯል። ታዲያ በክፍል ያልተሰጠው ትምህርት በክፍል ከተሰጠው እንዴት በለጠ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ማኅበራዊ የግንዛቤ ንድፈ ሐሳብ የሚባለው የሥነ ልቦና ትምህርት ይረዳናል። ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የንድፈ ሐሳቡን ዋና ዋና ነጥቦች ያብራራል፤ ቀጥሎ በስብከት ዝግጅት ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚያገለግል ያሳያል፤ በመጨረሻም ከቅዱሳት መጻሕፍት አንጻር ወሰኑን ይመለከታል።

የንድፈ ሐሳቡ አመጣጥ

የንድፈ ሐሳቡ ባለቤት አልበርት ባንዱራ (እ.ኤ.አ. 1925–2021) ነው። በካናዳ ተወልዶ አብዛኛውን የማስተማርና የምርምር ዘመኑን በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አሳልፏል። በጊዜው ገናና የነበረው አስተሳሰብ ሰው የሚማረው ራሱ አድርጎ ሲሸለም ወይም ሲቀጣ ነው የሚል ነበር። ባንዱራ ግን ሰው ሌላውን በማየት ብቻ ሊማር እንደሚችል በሙከራ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1961 ከዶሮቲያ ሮስና ከሺላ ሮስ ጋር ባሳተመው ጥናት 72 ሕፃናት ተሳትፈዋል። ከእነዚህ አንድ ሦስተኛው አንድ አዋቂ ሰው አየር የተሞላ ትልቅ አሻንጉሊት ሲደበድብ ተመለከቱ። በኋላ አሻንጉሊቱ ወዳለበት ሌላ ክፍል ሲገቡ ብዙዎቹ ያዩትን ድብደባ፣ የሰሙትንም ቃል ሳይቀር ደገሙት።

እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው ጥናቱ ለመምህራን ይበልጥ ይጠቅማል። ሕፃናቱ አሻንጉሊት የሚደበድብ ሰው በፊልም አዩ፤ አንዳንዶቹ ባዩት ፊልም ሰውየው ይሸለማል፣ ሌሎቹ ባዩት ይቀጣል፣ የቀሩት ባዩት ደግሞ ምንም አይደርስበትም። ሲቀጣ ያዩት ልጆች ድርጊቱን ከሌሎቹ ያነሰ ደገሙት። ሆኖም ያዩትን ቢያሳዩ ሽልማት እንደሚያገኙ ሲነገራቸው በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት ጠፋ። ይህም ማለት ሁሉም ተምረው ነበር፤ የተማሩትን በተግባር ለማሳየት ግን ምክንያት ያስፈልጋቸው ነበር። ተማሪዎቻችንም ከእኛ ያዩትን ዛሬ ላያሳዩን ይችላሉ፤ ከዓመታት በኋላ በራሳቸው ጉባኤ ፊት ሊገለጥ ይችላል።

ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ትልቅ ሥራው ሐሳቡን አስፍቶ አቀረበ። በእርሱ አመለካከት የሰው ውስጣዊ ማንነት (አሳቡ፣ እምነቱ፣ ስሜቱ)፣ ድርጊቱና አካባቢው እርስ በርሳቸው ይቀራረጻሉ። ተማሪ አካባቢው እንደ ሸክላ የሚሠራው ጭቃ አይደለም፤ እርሱም አካባቢውን ይለውጣል።

አራቱ ሂደቶች

በማየት መማር አራት ሂደቶችን ያልፋል። ተማሪው በመጀመሪያ ትኩረት ይሰጣል፤ ያየውን በአእምሮው ይይዛል፤ የያዘውን አድርጎ ይሞክራል፤ እንዲያደርገው የሚያነሣሣው ምክንያትም ሊኖር ይገባል።

ወደ መግቢያው ጥያቄ እንመለስ። ታዋቂው ሰባኪ በመድረክና በቴሌቪዥን ስለሚታይ ትኩረት ይስባል። የሚደጋግማቸው አባባሎች ከአእምሮ አይጠፉም። ድምፁንና እንቅስቃሴውን መሞከር ቀላል ነው። ጉባኤው በእልልታ ሲመልስለት ደግሞ ተማሪው እንዲህ ማድረግ ዋጋ እንዳለው ያያል። አራቱም ሂደቶች ተሟልተዋል። በአንጻሩ የምንባብ አፈታትን ሲሠራ ያየው ሰው ማን ነው? መምህሩ ያለቀለትን ውጤት በሰሌዳ ላይ ጽፏል፤ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጋር ተቀምጦ ሲያመነታ፣ ሲሰርዝ፣ ሲጸልይ ግን አልታየም። ተማሪው የተማረው ያየውን ነው።

“እችላለሁ” የሚል እምነት

ሌላው የንድፈ ሐሳቡ ምሰሶ ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ያቀረበው፣ ሰው አንድን የተወሰነ ሥራ መሥራት እንደሚችል ያለው እምነት ነው። ይህ ስለ ራስ ክብር ከሚሰማን ጠቅላላ ስሜት ይለያል። አንድ ተማሪ መዘመር እንደሚችል ያምን ይሆናል፤ የግሪክኛ ግስ መተንተን ግን እንደማይሆንለት ወስኖ መጽሐፉን ይዘጋል።

ይህ እምነት ከአራት ምንጮች ይመጣል፤ ራስ ሠርቶ ከማሳካት፣ የሚመስለንን ሰው ሲሳካለት ከማየት፣ ከሰው ማበረታቻ፣ እንዲሁም በሥራው ጊዜ ከሚሰማን የሰውነትና የስሜት ሁኔታ። ከሁሉ የሚበረታው የመጀመሪያው ነው። ስለ ሁለተኛው ዴል ሻንክና ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሙትን ጥናት መጥቀስ ይቻላል። መቀነስ የሚከብዳቸው ልጆች እኩያቸው ሲማር ሲያዩ፣ መምህር ሲሠራ ካዩት ይበልጥ በችሎታቸው መተማመንና ውጤት አሳዩ፤ መምህር ሲሠራ ያዩትም ምንም ካላዩት በለጡ። ባለሙያው ሁልጊዜ ከሁሉ የተሻለ አርአያ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

በክፍል ውስጥ

በስብከት ዝግጅት ክፍል ይህ እንዲህ ሊሠራ ይችላል። አንደኛ፣ መምህሩ ያልተዘጋጀበትን ምንባብ ይዞ በተማሪዎች ፊት አሳቡን ጮክ ብሎ እየተናገረ ይሥራ። ማርቆስ 4፥35–41ን ቢወስድ፦ “መጀመሪያ የመጣልኝ ማዕበሉን የኑሮ ችግር አድርጎ መስበክ ነው። ነገር ግን ክፍሉ የሚያበቃው ደቀ መዛሙርቱ ይህ ማን እንደሆነ በፍርሃት ሲጠይቁ ነው። ስለዚህ ዋናው ነጥብ የኢየሱስ ማንነት ይመስለኛል፤ የመጀመሪያውን አሳቤን እሰርዛለሁ።” ተማሪው እንዲህ ያለውን መሰረዝ ማየት ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ ከከፍተኛው ዓመት አንድ ተማሪ ተጋብዞ ረቂቁን ከነስርዝ ድልዙ ያሳይ፤ የት እንደተቸገረና እንዴት እንደወጣው ይንገር። ሦስተኛ፣ ሥራው በትንንሽ ደረጃ ይከፈል፦ በመጀመሪያ የምንባቡ ዋና አሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ቀጥሎ አስተዋጽኦ፣ ከዚያ በአምስት ጓደኞች ፊት የአሥር ደቂቃ ስብከት። አራተኛ፣ አስተያየታችን “ተባረክ፣ ጥሩ ነው” ብሎ አይቁም። “ሁለተኛው ነጥብህ ከቁጥር 40 የወጣ ነው፤ ሦስተኛው ግን ከምንባቡ ውስጥ የለም” የሚለው ቃል ተማሪው ምን እንደቻለና ምን እንደቀረው ያሳየዋል።

ከቅዱሳት መጻሕፍት አንጻር

በማየት መማር ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። ደቀ መዛሙርቱ ጸሎት እንዲያስተምራቸው ጌታን የጠየቁት እርሱ ሲጸልይ ከቆየ በኋላ ነው (ሉቃስ 11፥1)። ሁለት ሁለት አድርጎ ላካቸው፤ ሲመለሱም ያደረጉትን ነገሩት (ማርቆስ 6፥7፣ 30)። ባልቻሉ ጊዜ ለምን እንዳልቻሉ ለብቻቸው ጠየቁት (ማርቆስ 9፥28)። ጢሞቴዎስም የጳውሎስን ትምህርት ብቻ ሳይሆን አኗኗሩንና መከራውን ያውቅ ነበር (2ኛ ጢሞቴዎስ 3፥10–11)።

ሆኖም ሦስት ወሰኖችን ልብ እንበል። ንድፈ ሐሳቡ ሰው አርአያን እንዴት እንደሚከተል ያስረዳል፤ ማን ሊከተሉት እንደሚገባ ግን አይነግረንም። ጳውሎስ ምሰሉኝ ሲል እርሱ ራሱ ክርስቶስን እስከመሰለ ድረስ ነው (1ኛ ቆሮንቶስ 11፥1)። ሁለተኛ፣ “እችላለሁ” የሚለው እምነት ለሥራ የሚያስፈልግ ቢሆንም፣ የአገልጋይ ብቃት ከእግዚአብሔር ነው (2ኛ ቆሮንቶስ 3፥5)። ተማሪው መተንተን እንደሚችል ሲያውቅ መጽሐፉን ይከፍታል፤ ቃሉ በሰሚው ልብ የሚሠራው ግን በመንፈስ ቅዱስ መሆኑን ሲያውቅ ይንበረከካል። ሁለቱን ማምታታት ወይ ወደ ትዕቢት ወይ ወደ ስንፍና ይወስዳል። ሦስተኛ፣ ባህርይ በአርአያ ይተላለፋል፤ ዳግም ልደት ግን በመኮረጅ አይገኝም።

ስለዚህ የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴዎቻችን ሲሰበሰቡ ተማሪው ምን ምን ኮርስ እንደሚወስድ ብቻ ሳይሆን፣ በቆይታው ማንን ምን ሲያደርግ እንደሚያይ ቢጠይቁ መልካም ነው። መጋቢዎችም ወጣት አገልጋዮችን እሑድ መድረክ ላይ ከማቆማቸው በፊት፣ በሳምንቱ መካከል ስብከታቸውን በሚያዘጋጁበት ጠረጴዛ አጠገብ ሊያስቀምጧቸው ይችላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ተጨማሪ ወንበርና ያላለቀ ሥራን ለማሳየት የሚደፍር ትሕትና ነው።