የኃይል መስመር በማሳ ሲያልፍ፦ ሕግን መከተል አርሶ አደሩንም ፕሮጀክቱንም ይጠብቃል

ባሕር ዳር፦ ከጣና በለስ የውኃ ኃይል ማመንጫ ወደ ባሕር ዳር የተዘረጋውን ከፍተኛ የኃይል መስመር የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በከተማ የሚበራው መብራት ከማመንጫው ተነሥቶ ቤት እስኪደርስ የብዙ አርሶ አደሮችን ይዞታ ያቋርጣል። የብረት ምሰሶው የሚቆምበት መሬት ከእርሻ ይወጣል፤ ሽቦው በሚያልፍበት ሥር ደግሞ ቤት መሥራትም ሆነ እንደ ባሕር ዛፍ ያለ ረጅም ዛፍ ማሳደግ ለአደጋ ያጋልጣል።

ስለ ኃይል ዘርፍ ሲነገር ዘወትር የሚወሳው የግድቡ ውኃ፣ የተርባይኑ ብዛትና የብድሩ መጠን ነው። ይሁን እንጂ የኃይል ፕሮጀክቶችን ከሚያጓትቱ ምክንያቶች አንዱ በተለምዶ “የወሰን ማስከበር ችግር” የሚባለው ነው። ይህም የመሬት ርክክቡና የካሳ ክፍያው በሕጉ መሠረት ሳይፈጸም ሲቀር የሚፈጠር ችግር ነው።

የጎረቤት ልምድ

ለዚህ ኬንያ ጥሩ ማሳያ ናት። በኪናንጎፕ አካባቢ ሊገነባ የታቀደው 60 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ፕሮጀክት፣ በመሬት ጉዳይ ከነዋሪዎች ጋር በተነሣ አለመግባባት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2016 ሙሉ በሙሉ ቀርቷል።

310 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የቱርካና ሐይቅ ነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች በ2017 ተተክለው ቢጠናቀቁም፣ ኃይሉን ወደ ሱስዋ የሚያደርሰው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም መስመር ሥራ የጀመረው በመስከረም 2018 ነበር። ለመዘግየቱ ምክንያት ከሆኑት መካከል የተቋራጩ ኪሳራና መስመሩ የሚያልፍበትን መሬት የማግኘት ችግር ይገኙበታል። የኬንያ መንግሥትም በውሉ መሠረት ላልተጠቀመበት ኃይል ክፍያ ለመፈጸም ተገዷል። እንዲህ ያለው ወጪ በመጨረሻ የሚያርፈው በሕዝብ ትከሻ ላይ ነው።

ጉዳዩ በዚህ አላበቃም። በጥቅምት 2021 በሜሩ የተሰየመው የአካባቢና የመሬት ፍርድ ቤት፣ የፕሮጀክቱ የመሬት ሰነድ የተሰጠበት ሂደት ሕግን ያልተከተለ ነው ሲል ወስኗል። ማመንጫው ሥራ ከጀመረ ከዓመታት በኋላ ማለት ነው። መሬቱን ሕጋዊ ሥርዓት ሳያሟላ የተረከበ ፕሮጀክት፣ ግንባታውን ቢጨርስም ከክስ አያመልጥም።

ሱስዋ ለኢትዮጵያም ሩቅ ስም አይደለም። ከወላይታ ሶዶ የሚነሣውና ለኬንያ ኃይል የሚሸጥበት ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም መስመር የሚያበቃው እዚያው ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይደነግጋል። በዚያው አንቀጽ፣ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረትን ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል እንዳለበት ሰፍሯል።

ዝርዝሩ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይገኛል። አዋጁ ባለይዞታዎች መሬታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ምንነትና ጥቅም እንዲወያዩ ያዝዛል፤ መሬቱ በአስቸኳይ ሲፈለግ ግን ጊዜው ሊያጥር ይችላል። በመሬቱ ላይ ለሰፈረው ንብረት ከሚከፈለው ካሳ በተጨማሪ የልማት ተነሺ ካሳም አለ። የገጠር መሬቱ በቋሚነት ተወስዶ ምትክ መሬት ካልተገኘ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ከተገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው ተመርጦ በ15 ይባዛል።

በምሳሌ እንመልከተው። አንድ አርሶ አደር ከሚወሰደው መሬት በሦስት ተከታታይ ዓመታት 40 ሺህ፣ 60 ሺህና 50 ሺህ ብር ቢያገኝ፣ ስሌቱ የሚያዘው በ60 ሺህ ብር ነው። በ15 ሲባዛ 900 ሺህ ብር ይሆናል። መሬቱ ለግንባታ ሥራ በጊዜያዊነት ብቻ ሲወሰድ ደግሞ ካሳው የሚታሰበው እስኪመለስ ላለው ጊዜ ነው።

ይህ አዋጅ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1336 ተሻሽሏል። ማሻሻያው የካሳ ክፍያን ኃላፊነት ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች ያወረደ ነው። ስለዚህ የኃይል መስመሩ የፌዴራል ቢሆንም፣ የካሳው ጥያቄ ወደ ክልል በጀት ይመጣል። በጀቱ አስቀድሞ ካልተያዘ ግንባታው ይቆማል፤ አልያም አርሶ አደሩ መሬቱን አስረክቦ ገንዘቡን ይጠብቃል። ሁለቱም አዲስ ክርክር ይወልዳሉ።

አርሶ አደሩ ምን ያድርግ?

በመጀመሪያ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ወቅታዊ መሆኑን ያረጋግጥ። ደብተሩ የባልና የሚስት ከሆነ በንብረት ቆጠራው ዕለት ሁለቱም ይገኙ።

ሁለተኛ፣ የየዓመቱን ምርትና የተሸጠበትን ዋጋ ይመዝግብ። በመስኖ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያመርት ሰው የክረምቱን ብቻ ተናግሮ የበጋውን ከዘነጋ፣ የዘነጋው ገቢ 15 ጊዜ ተባዝቶ ይጎድልበታል። እንደ ቡናና ማንጎ ያሉ ቋሚ ተክሎችም በብዛታቸው ብቻ ሳይሆን በዕድገት ደረጃቸው ተለይተው መቆጠራቸውን ይከታተል።

ሦስተኛ፣ የተመዘገበውን ሳያነብ ወይም ሳያስነብብ አይፈርም፤ ቅጂውንም ይያዝ። ቅሬታ ካለው የማስለቀቂያ ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል እንዲያቀርብ አዋጁ ይፈቅድለታል። አዋጁ የተሻሻለ በመሆኑም ወቅታዊውን አሠራር ከወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ቀድሞ ይጠይቅ።

ከቆጠራ በኋላ ለካሳ ተብሎ የሚተከል ችግኝና የሚቀለስ ጎጆ ግን ክርክር ከማብዛት በቀር አይጠቅምም።

አርሶ አደሩ መሬቱን የሚለቀው ለከተማው ብቻ አይደለም፤ የመስኖ ፓምፑም ወፍጮውም ያንኑ መብራት ይሻሉ። ካሳው በሰዓቱና በአግባቡ ሲከፈል ምሰሶው ያለ ክስ ይቆማል፤ መብራቱም ሳይዘገይ ይደርሳል።