ትውልድ መቁጠርና ርስት በቢቸናና በሞጣ

በምሥራቅ ጎጃም፥ በቢቸናና በሞጣ አገር፥ የዘር ሐረግ ዕውቀት ለረጅም ዘመን የርስት ማስረጃ ሆኖ ይሠራ ነበር። ርስት የሚጠይቅ ሰው፥ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት አንሥቶ እስከ ራሱ ድረስ ትውልዱን ቆጥሮ በሽማግሎች ፊት ማስረዳት ነበረበት። ቆጠራው በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም በኩል ስለሚሄድ፥ አንድ ሰው ከብዙ አቅኚዎች መወለዱን እያስረዳ በየስፍራው ድርሻ ለመጠየቅ ይችል ነበር። እንግዲህ የቅድመ አያትን ስም መርሳት ርስትን እስከ ማጣት ያደርስ ነበር ማለት ነው።

ሆኖም መወለድ ብቻውን መሬት አያስገኝም ነበር። አሜሪካዊው ሊቅ አለን ሆበን በጎጃም ያለውን የርስት ሥርዓት መርምሮ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፥ መብቱን በተግባር ለማግኘት የሰውየው ተሰሚነትና የሙግት ችሎታ ያስፈልጉ ነበር። ስለዚህ ተሟጋቹ አጥብቆ የሚያስታውሰው ለጉዳዩ የሚረዳውን ሐረግ ነው፤ የማይረዳው ቀስ በቀስ ይዘነጋል።

ርስት ለባላገሩ ምን ያህል ክቡር እንደ ነበረ በ1960 ዓ.ም. ታየ። በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ፥ የጎጃም ገበሬ አዋጁ መሬቱን አስለክቶ ርስቱን ያስነጥቀኛል ብሎ ሰጋ። በሞጣ፥ በቢቸናና በደጋ ዳሞት ተነሥቶም ከመንግሥት ጦር ጋር ተዋጋ። መንግሥትም በመጨረሻ ውዝፉን ግብር ማረ።

ነገር ግን ርስት የጠበቀው ታሪክ የባለርስቱን ታሪክ ነው። ብዙዎቹ ሙስሊም ነጋዴዎችና ሸማኔዎች፥ እንዲሁም ቀጥቃጮች፥ ቆዳ ፋቂዎችና ሸክላ ሠሪዎች ርስት ስላልነበራቸው ትውልዳቸውን በሙግት ሸንጎ ቁጠሩ ያላቸው አልነበረም። ከዚያው አገር ተወልደው፥ በዚያው ገበያ እየዋሉ፥ ከአገሩ ታሪክ ውጭ ቀሩ።

ይህን የመሰለ ጉድለት በሌላም አገር ተገኝቷል። በ1848 እ.ኤ.አ. በጦርነትና በውል ከሜክሲኮ ወደ አሜሪካ በተዛወረው ምድር የሚኖሩት፥ በኋላም ቺካኖ የተባሉት ሕዝብ፥ ታሪካቸውን በትምህርት ቤት መጽሐፍ አላገኙትም ነበር። ጎጃም በታወከበት በዚያው በ1960 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ያሉ ተማሪዎቻቸው የገዛ ታሪካችን ይሰጠን ብለው ትምህርት አቋርጠው ወጡ። ብዙም ሳይቆይ በዚያች ከተማ ባለው የመንግሥት ኮሌጅ የሜክሲኮ አሜሪካውያን ጥናት ክፍል ተከፈተ። ጥያቄው መሬት ባይሆንም፥ የገዛ ታሪክን ማወቅ መብት መሆኑን ያሳያል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ባደረገ ጊዜ፥ ትውልድ መቁጠር የርስት ማስረጃነቱ ቀረ። ልጁን ቁጠር ብሎ የሚያስገድደው ሙግት ስለሌለ፥ ዕውቀቱ ከአረጋውያኑ ጋር ያልፋል። የሕዝቦች ጥናት ዋጋው እዚህ ላይ ነው፤ ቀድሞ ሸንጎው ይጠይቅ የነበረውን ዛሬ ተመራማሪው ሊጠይቅ ይገባዋል። ሲጠይቅም ከባለርስቱ ደጅ ብቻ መቆም የለበትም፤ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋንም መጠየቅ አለበት። ይህ ካልሆነ የሚጻፈው የርስቱ ታሪክ እንጂ የአገሩ ታሪክ አይሆንም።