ስለ ባሌስትራና ስለ አሞርዛተር አመራረጥ፤ ለሐይቅና ለአምባሰል መንገድ የሚስማማው

የእርሻ ፍሬ በአውድማ ብቻ የሚለካ አይደለም። ከአውድማ ወጥቶ ገበያ እስኪደርስ በመንገድ የሚበላሸው ሁሉ ከምርቱ ላይ የሚቀነስ ነው። በሐይቅና በአምባሰል ጤፉና ማሽላው በከረጢት ስለሚጫን መንገጫገጭን ይችላል፤ ከሐይቁ የሚወጣው ዓሣ፣ ዕንቁላሉና ቲማቲሙ ግን አይችልም። በመኪናው የሚሳፈር ሰውማ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ የጭነት መኪና ያለው ባለንብረት፣ ወይም የመሥሪያ ቤት መኪና የሚያስገዛና የሚያስጠግን ሹም፣ ሞተሩን ብቻ ሳይሆን በጎማውና በጭነቱ መካከል ያለውን ነገር፣ ይኸውም ባሌስትራውን፣ ሞላውንና አሞርዛተሩን አውቆ መምረጥ ይገባዋል።

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅና በውጫሌ አልፎ ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ የታወቀ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን የሐይቁ ውሃ በ1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ ያለው ርቀት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ቁልቁለቱና ጥምዝምዙ ቀላል አይደለም። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ገጠሩ ቀበሌ የሚገባ መኪና ደግሞ ጠጠርና ድንጋይ፣ በክረምትም ጎርፍ የቦረቦረውን አፈር ያገኛል። እንግዲህ አንዱ መኪና በአንድ ቀን ውስጥ አስፋልቱንም ኮረኮንቹንም ይሄድበታል፤ ሲሄድ ባዶ፣ ሲመለስ ሙሉ ይሆናል። የምርጫው ችግር የሚነሣው ከዚህ ነው።

ሠረገላን በብረት ደጋን ላይ ማስቀመጥ ከመኪና በፊት የታወቀ ጥበብ ነበረ። እንግሊዛዊው ኦባዲያ ኤሊዮት በ1804 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለሠረገላ የሚሆን እንቁላል መሳይ ባሌስትራ አውጥቶ የፈጠራ መብት ተሰጥቶታል። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ወደ አዲስ አበባ ያመጣውም መኪና በዚህ ጥበብ ላይ የቆመ ነበረ። በአገራችን ጋራዦች የሚነገሩት ስሞች ግን ከኢጣልያ ቋንቋ የመጡ ናቸው። ባሌስትራ ማለት በዚያ ቋንቋ ቀስት የሚወረወርበት መሣሪያ ነው፤ ስሙም ለነገሩ የተገባ ነው፤ የተደራረቡት የብረት ቅጠሎች እንደ ደጋን እየጎበጡና እየተቃኑ ሸክሙን ይይዛሉና። እንደ ጠመዝማዛ ሆኖ የተሠራው ብረት ሞላ ይባላል። ዛሬ ብዙ ሰው ሾክ የሚለው ዘይት ያለበት በርሜል መሳይ ዕቃ ደግሞ አሞርዛተር ነው።

የእነዚህ ሥራ የተለያየ ስለሆነ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ባሌስትራና ሞላ ሸክም ተሸካሚዎች ናቸው። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ኃይሉን ተቀብለው ይጎብጣሉ፤ ነገር ግን የተቀበሉትን ኃይል መልሰው ስለሚሰጡ፣ ብቻቸውን ቢተዉ መኪናው እንደ ተወጠረ ጅማት ደጋግሞ ይነጥራል። አሞርዛተር ሸክም አይሸከምም፤ ሥራው ይህን መንጠር ማብረድ ነው። በውስጡ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ እያስገደደ ሲያሳልፈው የንጥረቱ ኃይል ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። ስለዚህ የጎበጠን መኪና በአዲስ አሞርዛተር ቀና አደርጋለሁ የሚል ሰው ገንዘቡን ያባክናል፤ የሚነጥርን መኪና በወፍራም ባሌስትራ አስታግሳለሁ የሚልም እንዲሁ ነው።

በብዙ ቦታ የሚታየው ስሕተት ጠንካራ ማለት ደረቅ ማለት ይመስላል የሚለው ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ሮበርት ሁክ በ1678 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፣ ሞላ የሚጎብጠው በተጫነበት ክብደት ልክ ነው። ስለዚህ ለአምስት ሺህ ኪሎ የተሠራ ባሌስትራ አምስት መቶ ኪሎ ሲጫንበት ከቦታው እምብዛም አይነቃነቅም፤ ድንጋዩ የሰጠው ምት በሙሉ ወደ ሻንሲው፣ ወደ ጭነቱና ወደ ነጂው ወገብ ይተላለፋል። የቅጠል ነገርም ሒሳብ አለው። ውፍረታቸው እኩል በሆነ ዐሥር ቅጠሎች ላይ አንድ ቅጠል ቢጨመር ጥንካሬው በአንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ ያድጋል። ባለ 8 ሚሊ ሜትሩ ቅጠል ሁሉ በባለ 10 ሚሊ ሜትር ቢለወጥ ግን ጥንካሬው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ሳይለኩ ማወፈር ሳያውቁ ማድረቅ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመጠን በላይ የደረቀ መኪና ጉዳቱ ድካምና የተሰበረ ዕንቁላል ብቻ አይደለም። ፍሬን የሚይዘው ጎማው መሬቱን እስከ ጨበጠ ድረስ ነው። ባዶው ካሚዮን በደረቅ ባሌስትራ ወይም በደከመ አሞርዛተር በተቦረቦረ ቁልቁለት ላይ ሲነጥር ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ይሄዳል፤ በዚያች ቅጽበት ነጂው ፍሬን ቢረግጥ ወይም መሪ ቢያዞር መኪናው አይታዘዘውም። ቁመት ይጨምርልኛል ብሎ ረጅም ሞላ ማስገባትም አደጋ አለው። ጭነቱ ከመሬት በራቀ መጠን መኪናው በጥምዝ ላይ ወደ ጎን ይበልጥ ያዘነብላልና።

ባሌስትራ ማወፈር ሕጋዊውን የጭነት ልክ አይጨምርም። ፍሬኑ፣ ጎማውና ሻንሲው እንደ ቀድሞው ናቸው። መንገዱም ይጎዳል። በአሜሪካ በኢሊኖይስ ግዛት ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በተደረገው ታላቅ የመንገድ ፈተና እንደ ታወቀው፣ በአንድ አክስል ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። መንገድ የማስጠገን ኃላፊነት ያለበት ሹም ይህን ቁጥር ቢያስታውስ ይጠቅመዋል።

አመራረጡ እንደሚከተለው ቢሆን መልካም ነው።

1ኛ፤ እህል የሚያመላልስ ካሚዮን፤ ባዶ ሄዶ ሙሉ የሚመለስ ስለሆነ ረዳት ባሌስትራ ያለው ይመረጥለታል። ባዶ ሲሆን ለስላሳው ዋና ባሌስትራ ብቻ ይሠራል፤ ጭነት ሲበዛ ዝቅ ብሎ ረዳቱን ያገኛል፤ ሁለቱም አብረው ይሸከማሉ። በአንዳንድ ከባድ ካሚዮን የኋላው አክስል አሞርዛተር ባይኖረው አያስገርምም፤ የቅጠሎቹ እርስ በርስ መፋተግ ንጥረቱን በመጠኑ ያበርዳልና። ነገር ግን ቅጠሎቹ በዝገትና በአፈር እንዳይጣበቁ መጠበቅ ያሻል።

2ኛ፤ ለመስክ ሥራ የሚውል ፒካፕ፤ ዘወትር ሁለትና ሦስት ሰው፣ አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ማዳበሪያና ዘር የሚጭን ከሆነ ፋብሪካው የሰጠው ባሌስትራና ሞላ ይበቃዋል። በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚመጣ ከባድ ጭነት ተብሎ ዓመቱን ሁሉ መድረቅ የለበትም፤ ጭነቱን ከፍሎ ማመላለስ ይሻላል።

3ኛ፤ ሕመምተኛና መንገደኛ የሚያጓጉዝ መኪና፤ ለስላሳ ሞላና ጤነኛ አሞርዛተር ያስፈልገዋል። ለስላሳ ሞላ ያለ ጤነኛ አሞርዛተር ግን ሰውን እንደ ጀልባ ያወዛውዛል፤ በጥምዝ ላይም ነጂውን ያታልላል።

4ኛ፤ አሞርዛተሩ ከሞላው ጋራ ይመጣጠን። ሞላው ሲጠነክር የሚመልሰው ኃይል ስለሚበዛ፣ አሞርዛተሩም በዚያው ልክ መጠንከር አለበት። በረጅም የኮረኮንች መንገድ ዘይቱ ሲሞቅና ከአየር ጋራ ሲናጥ አረፋ ይሆንና ኃይሉን ያጣል፤ ናይትሮጂን የተሞላበት አሞርዛተር ይህን ስለሚቀንስ ወደ ገጠር ለሚዘልቅ መኪና ይመረጣል።

የቆየውን መኪና ለመመርመር ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። መኪናው በሜዳ ላይ ቆሞ ከእያንዳንዱ ጎማ መካከል እስከ ላይኛው ክፈፍ ይለካ፤ የቀኙ ከግራው ካነሰ ባሌስትራው ወይም ሞላው ደክሟል። ትንሹ መኪና በአንድ ማዕዘኑ በኃይል ተጭኖ ሲለቀቅ አንድ ጊዜ ተነሥቶ መርጋት አለበት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢወዛወዝ አሞርዛተሩ አልቋል። በአሞርዛተሩ ገላ ላይ ዘይት መውረዱ፣ ጎማውም በየቦታው ጎድጎድ እያለ መበላቱ ሌሎች ምልክቶች ናቸው። የተሰነጠቀ ቅጠል፣ ያለቀ ጎሚኒና የላላ ስታፋም በዚያው ይታዩ።

በሚለወጥበት ጊዜ በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለቱም አብረው ይለወጡ፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። አዲስ ባሌስትራ ጥቂት ቀን ጭነት ከተሸከመ በኋላ ስታፋው ስለሚላላ እንደገና መጥበቅ አለበት። ይህ በጋራዥ ብዙ ጊዜ የሚረሳ፣ ሲረሳም መካከለኛውን ቡሎን አስበጥሶ አክስሉን ከቦታው የሚያስወጣ ነገር ነው።

አስተዋይ ባለበቅሎ ኮርቻውን ከበቅሎው ጀርባና ከጭነቱ ጋራ አስተካክሎ ይጭናል እንጂ፣ ኮርቻው በደረቀ ቁጥር በቅሎዋ ትበረታለች ብሎ አያስብም። ለመኪናም ሕጉ ይኸው ነው። ሹሙ የግዥ ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ነጂውን ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ መኪናው ዘወትር ስንት ኪሎ ይጭናል? የሚበዛው መንገዱ ምን ዓይነት ነው? ባዶውን የሚሄድበት ቀን ስንት ነው? መልሱን ከያዘ በኋላ የሚመርጠው ባሌስትራና አሞርዛተር ዓሣውን ሳይበላሽ፣ ሰውንም ሳይጎዳ ከአምባሰል ቁልቁለት ያወርዳል።